ዲሊስ ማለት

ቂርያት ማልአኺ፣ የመላእክት ከተማ፣
መላእክቱ አይታዩም፤ አውቶቡስ ነው የሚሰማ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰሩ ከሞተ ወዲህ፣
በየጠዋቱ ደረጃ እቆጥራለሁ፣ አርባ ሁለት፣ እንዲህ እንዲህ፣
ደጃፏ ስደርስ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣
«ዲሊስ» ብዬ አንኳኳለሁ።

በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ «ሩት ቤንሐሙ» ይላል፤
ዲሊስ የሚለው መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፣
በአሮጌ ፓስፖርት፣ ከአንዲት ልጃገረድ ፎቶ ጋራ፣
ከጀርባዋ ጥቁር የድንጋይ ተራራ።
አባቷ እዚያ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፣
እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ፣ ለቤት ክዳን የሚደረደር።
ስሟን ያወጣው እሱ ነው፤ አገሯ ዌልስ ይባላል፣
ዝናቡ፣ ትላለች፣ ከሰው ጋር ቀርቦ ይበላል።

ምን ማለት ነው? አልኳት አንድ ቀን እግሯን ሳጥብ።
ዕብራይስጡ ጠፋባት፤ እንደ ቁልፍ ፈለገችው፣ ኪስ ለኪስ፣ ሐሳብ ለሐሳብ።
«ድሮ በአገሬ ሕግ፣» አለች፣ «ላም የሸጠ ሰው
ገበያ መሃል ቆሞ ለገዢው የሚምለው፣
‹አልተሰረቀችም፣ የኔው ናት፣ ማንም መጥቶ አይነጥቅህ›፤
ያ መሐላ ነው ስሜ፦ እውነተኛ፣ የጸና፣ ሌሊት የሚያስተኛህ።»

«ዋስ!» አልኩ። ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።
የአባቴ ስም ዋሴ ነው፤ ባንዴ ከፊቴ ደረሰ፣
አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በትሩን ተደግፎ የኖረ፣
በሬ ሲገዛ ያለ ዋስ ገንዘብ ያልቆጠረ።

እኛ ጋ ስም አይሰጥም፤ ይወጣል፣
እንደ ውሃ ከጉድጓድ ይቀዳል፣ እንደ እሾህ ከእግር ይነቀላል።
የኔን አባቴ አወጣው፤ «አወጣሽ» ነበር ያለኝ፣
ሦስት ቀብሮ ነው እኔን ያየኝ።

አየር ማረፊያው ላይ ግን መልአክ አልነበረም፣
ጸሐፊ ነበረ፤ ደክሞታል፤ ቀና ብሎም አላየኝም።
«አቪቫ» ብሎ ጻፈ፣ ብዕሩ ሳይነሳ ከወረቀቱ፤
ጸደይ ማለት ነው አሉኝ። የገባነው ግን በክረምቱ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ፣ በመላእክት ከተማ፣ ጽሕፈት ቤት ነው የሚያወጣው።

ከዚያ ደግሞ ጠየቁን፦ እውነተኛ ናችሁ? ማን ነው ምስክር?
ውሃ ውስጥ ግባ አሉት አባቴን፤ ስሙ ዋስ የሆነውን ሰውዬ
ዋስ ጥራ አሉት። ይህን ነገር
ለማንም አላወራም፤ ለዲሊስ ግን ነገርኩ፣
ሳቀች፣ ጥርሷ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።
እሷንም ማኽሉፍን ላግባ ስትል ረቢዎቹ ሦስት ዓመት መረመሯት፣
በመጨረሻ «እውነተኛ ነሽ» ብለው፣
«እውነተኛ» የሚለውን ከስሟ ላይ ነጠቋት።

ከፋሲካ በኋላ ዕብራይስጡ ከአፏ ወጣ ሳይሰናበት፣
ኪራይ እንዳለበት ተከራይ፣ በሌሊት።
የቀራት የልጅነቷ ቋንቋ ነው፤ በከተማው የሚሰማው የለም፤
ልጇ ኒሲም ስልኩን ጆሮው ላይ ያጠብቃል፣ አይገባውም።
እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፤ እሷ በራሷ ትመልሳለች፤
«ዛሬ ዘነበ» ስላት «ዲሊስ» ትላለች።
«ብርቱካኑ አበበ።» «ዲሊስ።» «ሾርባሽ በረደ።» «ዲሊስ።»
ራሷን እየጠራች ይሆን፣ እንደ እናት፣ ጭጋግ የዋጣት ልጇ እስክትመለስ?
ወይስ «እውነትሽን ነው» እያለችኝ፣
ለዝናቡም ለሾርባውም ዋስ እየሆነችኝ?
አላውቅም።
የምጠይቅበት ቋንቋ የለኝም።

ትናንት ማታ መብራቱን ሳጠፋ፣ ከበሩ ላይ ዞሬ፣
«አወጣሽ እባላለሁ» አልኳት፣ ስሜን ከጉሮሮዬ ቆፍሬ፣
«አቪቫ አይደለሁም። አወጣሽ። የዋሴ ልጅ።»
ብዙ ዝም አለች። ጨለማው ውስጥ ተንቀሳቀሰ ያ ቀጭን እጅ።
አውቶቡሱ ከታች አለፈ። ማሸጊያው ፉጨቱን ነፋ።
«ዲሊስ» አለች።
ደረጃውን ወረድኩ፤ አርባ ሁለት፤ ቁጥሩ ግን መሃል ላይ ጠፋ።